የሞተርሆም መወጣጫ ምርጫ፦ የኤሌክትሪኩ፣ በእጅ የሚሳበውና የሚገለበጠው በብልሽት ቀን ሲነጻጸሩ

ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት የተዘጋጀ መኪና፣ ለመግዛት የሚነሳ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ አልጋው ስፋትና ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው ብዙ ይጠይቃል፤ በየቀኑ ደጋግሞ ስለሚረግጠው የበር መወጣጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጠየቅ የሚጀምረው መወጣጫው እምቢ ባለ ቀን ነው። ሻጮች የሚያቀርቡት ንጽጽርም ምቾትና መልክ ላይ ያተኮረ ነው። እዚህ ሦስቱ ዋና ዋና የመወጣጫ ዓይነቶች የሚነጻጸሩት በሌላ ሚዛን ነው፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚበላሽ፣ ብልሽቱን ለማግኘት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅና ባለቤቱን ከጋራዥ ርቆ ሳለ ምን ላይ እንደሚጥለው።

የመጀመሪያው በ12 ቮልት ሞተር ከወለሉ ሥር የሚወጣና የሚገባው የኤሌክትሪክ መወጣጫ ነው። ሁለተኛው እንደዚሁ ከወለሉ ሥር የሚቀመጥ፣ ነገር ግን በእጅ ተስቦ የሚዘረጋ የብረት መወጣጫ ነው። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የሚሠራ፣ በበሩ ደፍ ላይ ታስሮ ወደ ውጭ የሚገለበጥና በሚስተካከሉ እግሮቹ መሬት ላይ የሚያርፍ ሲሆን፣ በጉዞ ጊዜ ተመልሶ በበሩ ክፍተት ውስጥ ይታጠፋል። ይህ ሦስተኛው ይበልጥ የሚታየው በተጎታች ቤቶች ላይ ቢሆንም ለሞተርሆም የሚስማሙም አሉ።

የኤሌክትሪኩ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ የሆነው በሩ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል፤ ሾፌሩ ረስቶት ሊነሳ ቢልም የማስነሻ ቁልፉ ሲዞር ራሱን ይሰበስባል። ወገቡን ለሚያመው፣ በሁለት እጁ ዕቃ ይዞ ለሚገባና በመንገድ ቶሎ ቶሎ ለሚቆም ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ቀላል እንቅስቃሴ እንዲሳካ ባትሪው፣ ፊውዙ፣ ኤሌክትሪኩን በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመልሰው የማሳ ገመድ፣ በበሩ ላይ ያለው ማግኔትና የማግኔቱን መቅረብ የሚያውቀው ማብሪያ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ ሞተሩ፣ ጥርሶቹና ማጠፊያዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጤነኞች መሆን አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ የተቀመጡት ጎማው ውሃና ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ነው።

ደግነቱ ብልሽቶቹ በቅደም ተከተል ለሚፈልጋቸው ሰው አይሸሸጉም። ከሁሉ በፊት በበሩ አጠገብ ያለውን የመወጣጫ ማብሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ ማብሪያው ጠፍቶ ከሆነ መወጣጫው በቆመበት ይቀራል፤ ይህም እንግዶች ሲበዙ ተዘርግቶ እንዲቆይ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ብዙ ሰው ያልተበላሸ መወጣጫ የሚፈታታው ይህችን ማብሪያ ስለሚረሳ ነው። ቀጥሎ ጆሮን መጠቀም ይጠቅማል። ሞተሩ እየጮኸ መወጣጫው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ችግሩ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የተበላ ጥርስ ወይም የተቆረጠ ፒን ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ወደ በሩ ማግኔት መሄድ ይገባል፤ በሩ ከጊዜ ብዛት ትንሽ ሲዘም ማግኔቱ መቅረቡን ከሚያውቀው ማብሪያ ይርቃል፣ መወጣጫውም በሩ መዘጋቱን አያውቅም። ይህን ለመፈተን በሩን ከፍቶ ሌላ ማግኔት ወደዚሁ ማብሪያ ማስጠጋት ይበቃል፤ መወጣጫው ከገባ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። በዚህ ፈተና ጊዜ እግርን ማራቅ ግድ ነው፤ እጅን ወደ ማጠፊያዎቹ ከማስገባት በፊት ደግሞ ፊውዙን መንቀል ያስፈልጋል፤ ነፋስ የዘጋው በር ጣት ሊያስቆርጥ ይችላልና።

በጣም የሚያሳስተው ብልሽት የቮልቴጅ መውረድ ነው። ባትሪው በእረፍት ላይ ሳለ 12.6 ቮልት ቢያሳይም፣ በዛገ የማሳ ማሰሪያ ላይ 0.2 ኦም ብቻ ተቃውሞ ካለ፣ ሞተሩ 10 አምፔር በሚስብበት ቅጽበት 2 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ ለሞተሩም 10.6 ይደርሰዋል። መወጣጫው በዝግታ ይወጣል፣ ወይም እየወጣ ይቆማል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት መወጣጫው ለመንቀሳቀስ በሚታገልበት ጊዜ እንጂ በቆመበት አይደለም። በአንዳንድ ምርቶች ላይ ሌላም ተንኮል አለ፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ መወጣጫው ጫፍ መድረሱን የሚያውቀው ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ ጅረት ሲጨምር ነው። በጭቃና በዝገት የተያዘ ማጠፊያም ያንኑ ጅረት ስለሚያስጨምር ሳጥኑ ይታለልና ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመዋል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ሳጥን መቀየር አያድነውም፤ ማጠፊያዎቹን አጥቦ በአምራቹ የሚመከረውን ቅባት መቀባት ያድነዋል። ወፍራም ግሪስ ግን አሸዋ እየሰበሰበ ይብስበታል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ፣ የሞተሩን ሶኬት ከሳጥኑ ነቅሎ በሁለቱ ገመዶች በቀጥታ 12 ቮልት መስጠት ይቻላል። ሞተሩ ከዞረ፣ ገመዶቹ ሲገላበጡም በተቃራኒው ከዞረ፣ ጥፋቱ የሳጥኑ ወይም የማብሪያዎቹ ነው፤ ካልዞረ ውሃ የገባበት ወይም የተቃጠለ ሞተር ነው። በፈተናው ጊዜ ፊውዝ ያለበት ገመድ መጠቀምና መወጣጫው ጫፍ ሲደርስ ወዲያው መልቀቅ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ መወጣጫዎች እርስ በርሳቸውም አንድ አይደሉም፤ ገዢው ልብ ሊል የሚገባው ልዩነትም ይህ ይመስለኛል። አንደኛው ወገን ከላይ የተገለጸው፣ በበሩ ማግኔትና በመቆጣጠሪያ ሳጥን የሚሠራው ነው። ሌላኛው ወገን በአንዲት የግድግዳ ማብሪያ፣ በሬሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን ጅረት በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) እና በጫፍ ላይ በሚያቆም ትንሽ ማብሪያ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ሰውየው ተጭኖ ያወጣዋል፣ ተጭኖ ያስገባዋል፤ ሳይገባ የመኪናው ሞተር ከተነሳ ደግሞ በሾፌሩ ፊት ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። ሁለተኛው ምቾቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ሬሌ በየትኛውም የመኪና መለዋወጫ መደብር የሚገኝ ዕቃ ሲሆን፣ መቆጣጠሪያ ሳጥን ግን ከአምራቹ ታዝዞ የሚጠበቅ ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመርጠው የሬሌውን ነው።

በእጅ የሚሳበው መወጣጫ ብልሽቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ የተጣመመ ብረት፣ የላላ ብሎን፣ የዛገ ማጠፊያ። መዶሻ፣ ቁልፍና ቅባት ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ይጠግነዋል። ጉድለቱ የሚመጣው ከሰውየው ነው፤ ተዘርግቶ ከተረሳ የሚያስጠነቅቅ የለምና ከመንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ይጎብጣል፣ አላፊ አግዳሚንም ሊጎዳ ይችላል። ከጭቃ ውስጥ በእጅ መሳቡም ደስ አይልም። ሲረገጥ የሚሰማው መወዛወዝ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም መሬት ሳይነኩ ከሻሲው ላይ የተንጠለጠሉ ናቸውና።

የሚገለበጠው በጽናት ሁለቱንም ያስከነዳል። ክብደቱን መሬት ስለሚሸከምለት ደረጃ እንጂ መወጣጫ አይመስልም፤ ለአዛውንትና እግሩን ለሚያመው ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሚበላሸውም ጥቂት ነው፤ የእግሮቹ ማስተካከያ ፒን ይጠፋል፣ ወይም ክብደቱን የሚያግዘው የጋዝ ዘንግ ይደክማል። ይሁን እንጂ ታጥፎ ሳለ በሩን ስለሚሞላ፣ ለአምስት ደቂቃ ቆሞ መውጣት የፈለገ ሰው ሁሉንም መዘርጋት አለበት፤ ሰውየው መሬት ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ መግባት ሲፈልግም በበሩ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከመግዛት በፊት የበሩ ስፋት መለካት፣ የውስጡ ወለል ደግሞ ለታጠፈው መወጣጫ ቦታ እንዳለው መረጋገጥ አለበት።

የእርከን ብዛት ለሦስቱም በአንድ ሒሳብ ይወሰናል። ወለሉ ከመሬት 70 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መኪና ሁለት እርከን ቢኖረው እግር የሚነሳው ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም 23 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ሦስት እርከን ሲኖረው ግን ወደ 17.5 ይወርዳል፣ ይህም ለቤት ደረጃ ከተለመደው ከፍታ ጋር ይቀራረባል። አንድ እርከን ብቻ ያለው የኤሌክትሪክ መወጣጫ እዚህ ላይ 35 ሴንቲሜትር ያስዘልላል፤ በሥዕል ላይ ግን ይህ አይታይም።

የኤሌክትሪኩን ለመግዛት የወሰነ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛው መወጣጫው መኪናውን ከሚያስነሳው ባትሪ ነው ወይስ ለውስጡ መብራትና ዕቃ ከሚያገለግለው የቤቱ ባትሪ የሚመገበው የሚለው ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው በብልሽት ቀን የተሳሳተውን ባትሪ ሲለካ ይውላል። ሁለተኛው ተዘርግቶ ቢቀር እንዴት ይገባል የሚለው ነው። በብዙዎቹ ላይ ሞተሩን ከማጠፊያው ጋር የሚያያይዘውን ፒን አውጥቶ መወጣጫውን በእጅ ገፍቶ በጠንካራ ማሰሪያ ማሰር ይቻላል፤ ፒኑ እጅ የማይደርስበት ከሆነ ግን መኪናው ተዘርግቶ በቀረ መወጣጫ ምክንያት ከቆመበት ሊነሳ አይችልም።

ያገለገለ ሞተርሆም ከሆነ ደግሞ ፍተሻው እንዲህ ይሁን፤ በሩ ተከፍቶ መወጣጫው ከወጣ በኋላ የመወጣጫው ማብሪያ ይጥፋ፣ በሩ ይዘጋ፣ ከዚያም የማስነሻ ቁልፉ ይዙር። በአውቶማቲኩ ዓይነት መወጣጫው ማብሪያው ጠፍቶም ቢሆን በዚህ ጊዜ መግባት አለበት። ካልገባ ከማስነሻው የሚመጣው መስመር ተቋርጧል፤ ብልሽቱ ቀላል ቢሆንም፣ ሾፌሩ ተዘርግቶ የቀረውን መወጣጫ ሳያውቅ እንዲነዳ የሚያደርገው እርሱ ስለሆነ መኪናው ከሻጩ ግቢ ሳይወጣ ይጠገን።