ስላሸር ስትገዙ ከስለቱ በፊት መከለያውን እዩ

ስላሸሩን፣ ማለትም በትራክተር ኃይል እየዞረ ሣርና ቁጥቋጦ የሚቆርጠውን ዕቃ፣ የገዛሁት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ህንድ ሰራሽ ነው። ስፋቱ 1.5 ሜትር ሲሆን ባለ 50 የፈረስ ጉልበት ትራክተሬ ኋላ ይሰቀላል። መራዊ አካባቢ ባለው እርሻዬ በአቮካዶው መስመሮች መሃል የሚበቅለውን ሰንበሌጥና መጭ ሲቆርጥልኝ ከረመ። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ በበቆሎ አገዳ ላይ ገባ። አሁን ስለ እሱ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

በሥራው ቅሬታ የለኝም። ሰው የሚውጥ ሰንበሌጥ አንዴ ሲያልፍበት ተከትክቶ መሬት ላይ ይቀራል። በማጭድ ቀኑን ሙሉ ሠራተኛ የሚፈጅ መስመር ከረፋዱ ቡና በፊት ያልቃል። አውራ ጣት የሚያህል ቁጥቋጦም አይመልሰውም። ፊቱ ከኋላው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሲስተካከል ትራክተሩም ብዙ አይጨነቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ፒቲኦው፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ ለዕቃው ኃይል የሚሰጠው ዘንግ፣ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። የስላሸሩ የማርሽ ሳጥን ይህን በ1.47 ያበዛዋል፤ ስለቶቹ በደቂቃ 790 ዙር አካባቢ ይመታሉ ማለት ነው። የስለቱ ጫፍ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት የተመታ ጠጠር ጥይት ነው። የአምራቾች መመሪያ 90 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊወረወር እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

የእኔው ግን ፊቱም ኋላውም ክፍት ሆኖ መጣ። የካቴና መጋረጃው «ለብቻው ነው የሚሸጠው» ተባልኩ። ነገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ያለሱ መሸጥ አልነበረበትም። ብየዳ ቤት ወስጄ ከዳር እስከ ዳር ካቴና አስንጠለጠልኩለት፤ እርስ በርስ ተጠጋግቶ፣ ጫፉ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። መስከረም ላይ ስፈትሸው በኋላ በኩል አንዱ ቀለበት ተጣሞ፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ያ ድንጋይ ካቴና ባያገኝ ኖሮ የሚሄደው እረኞቹ ወደሚውሉበት መንገድ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ትራክተር ሲያጓራ ልጅ ይሰበሰባል። እረኛውም ለከብቱ ትኩስ ሣር ብሎ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር አንድ ሰው ማሳው ዳር ይቆማል፤ ሥራው ሰው መመለስ ብቻ ነው። ሰው ከገባ ሾፌሩ ፒቲኦውን ያጠፋል። ክርክር የለም። ፓራፋንጎ ላይ ሰው መጫንም ክልክል ነው። ሾፌሬ መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ ለትንሽ መንገድ እኮ ነው» ይለኝ ነበር። ከፓራፋንጎ የተንሸራተተ ሰው ግን የሚወድቀው ከኋላ ጎማው አጠገብ ነው፤ ስለቱም ወዲያው ይደርስበታል። አሁን እሱ ራሱ ሌላውን ይከለክላል።

ፒቲኦውን ከስላሸሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ካርዳኑም፣ ከስለቱ አይተናነስም። በሰከንድ 9 ጊዜ የሚዞር ዘንግ የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውዬው «እንዴ!» ለማለት እንኳ ጊዜ አያገኝም። የጠዋቱ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፤ ጋቢው መጋዘን ይቀራል። የካርዳኑ የፕላስቲክ ሽፋን ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ፤ ወዲያው አስቀየርኩት። ሽፋኑ ከዘንጉ ጋር እንዳይዞር የምታስረው ትንሿ ሰንሰለት መታሰሯንም በየጠዋቱ አያለሁ።

አሮጌ ትራክተር ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ስለቶቹ በያዙት ግፊት ይዞሩና ትራክተሩን ወደፊት ይገፉታል። ቦይ ዳር ሲሆን ያስደነግጣል። መፍትሔው ፒቲኦው ላይ የሚገባ፣ ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ ማገናኛ ነው። ርዝመት ስለሚጨምር ካርዳኑን ለክቶ ማሳጠር ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህ ዕቃ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ እንደዚህኛው ደስ ብሎኝ ያወጣሁት የለም። ማገናኛው ቢኖርም ስለቱ ፒቲኦው ከጠፋ በኋላ ለብቻው መዞሩን ይቀጥላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ድምፁ ጸጥ እስኪል ማንም አይጠጋውም። ከስሩ ለመግባት ደግሞ ሃይድሮሊኩን ማመን አይቻልም፤ ወፍራም ግንድ እንደግፍበታለን።

ጥገናው ቀላል ነው። ግራሶ በየሥራው ቀን፣ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ማየት፣ የስለቶቹን ዳዶዎች ማጥበቅ። ስለት ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ ክብደታቸው ከተለያየ ዕቃው ይንቀጠቀጣል። ጉቶ ሲመታ እንዲበጠስ የተሠራውን ቡሎን ግን በጠንካራ ቡሎን አትተኩት። እሱ እምቢ ሲል የሚሰበረው የማርሽ ሳጥኑ ነው። እኔ መለዋወጫውን በጣሳ ይዤ ነው የምወጣው።

መሬታችሁ ድንጋይ የበዛበት ከሆነ አልመክራችሁም። ለፍራፍሬ እርሻና ለግጦሽ መሬት ግን ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ። ዋጋ ስትደራደሩ የካቴናውን፣ የካርዳኑን ሽፋንና የማገናኛውን ወጪ አብራችሁ ደምሩ።