የእህቴን ልጅ በኦንላይን ለፈተነችልን ባለሙያ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ይህን የምጽፈው በእህቴ ፈቃድ ነው። የልጁንም የባለሙያዋንም ስም አልጠራም። እዚህ ሚኒሶታም ሆነ ሌላ ስቴት እንደኛ የተቸገረ የሀበሻ ቤተሰብ ካለ ግን ይህን ነገር ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጨዋታ ያውቃል፣ ከትልቅ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። ጠዋት ግን "ጥርስህን ታጠብ፣ ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ" ሲባል ጫማው ላይ ይቀራል። ትናንት የሠራው ሒሳብ ዛሬ ይጠፋዋል። አስተማሪው "ትኩረት የለውም" ይላል፣ ዘመድ "ቀብጧል" ይላል። ኤፍኤኤስዲ የሚባለውን፣ በእርግዝና ወቅት ከሚጠጣ አልኮል የሚመጣውን ችግር መጀመሪያ ያነሳልን የልጆች ሐኪሙ ነው። የአእምሮ ችሎታ ፈተናውን በቪዲዮ ወደምትሰጥ የኒውሮሳይኮሎጂ (አንጎል በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚያጠና ሙያ) ባለሙያ የመራንም እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት የማመሰግናት እህቴን ስላነጋገረችበት መንገድ ነው። "ጠጥተሻል ወይ?" ብላ አልጀመረችም። እርግዝናውን ያወቀችው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ከዚያም ከማወቋ በፊት ኑሮዋ ምን ይመስል እንደነበር። አማርኛ አስተርጓሚም አስገብታ ነበር። እህቴ እንግሊዝኛ አታጣም፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ግን ሰው በራሱ ቋንቋ ሲያወራው ይቀለዋል። ማርገዟን ያወቀችው ዘግይታ እንደሆነና እስከዚያ ድረስ ወይን ትጠጣ እንደነበር ነገረቻት። ባለሙያዋ ፊቷ ቅር አላለም። "ይህን ስለነገሩኝ ልጅዎን ረድተውታል" አለቻት። እህቴ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

ይህ መረጃ ብዙ ነገር ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ሲያትል ውስጥ ችግሩን ሲሰይሙት ዋናው መለያ የፊት ገጽታ ነበር፦ ጠበብ ያለ ዓይን፣ ቀጭን የላይኛው ከንፈር፣ በአፍንጫና በከንፈር መካከል ያለው መስመር መጥፋት። አብዛኞቹ ልጆች ግን ይህ አይታይባቸውም። የእኛም ልጅ አይታይበትም። እንዲህ ሲሆን የእርግዝናው ታሪክና የአእምሮ ፈተናው ናቸው የሚናገሩት።

ፈተናው ራሱ ጥሩ ዝግጅት ነበረው። በስልክ አይሆንም፣ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል ብላ አስቀድማ ነገረችን። ኢንተርኔታችንን ከእኛ ጋር ሆና ሞከረች። ጠዋት፣ ልጁ በልቶ ሳይደክም ቀጠረችው። እኔ በር አጠገብ እንድቀመጥ፣ መልስ ግን በዓይኔም እንዳልጠቁም አስጠነቀቀችኝ። አንዱ ላይ የተደረደሩ ቀስቶች ይመጣሉ፤ የመሀሉ ወዴት እንደሚያይ መናገር ነው። ሌላው ካርዶችን በቀለም ማዛመድ ነው፤ መሀል ላይ ሕጉ ይቀየርና በቅርጽ ይሆናል። ቁጥር ሰምቶ ከኋላ ወደፊት መድገምም አለ። ልጁ መቁነጥነጥ ሲጀምር ወዲያው ታያለች። "በል ተነስና ዝለል" ትለዋለች፣ ዘሎ ይመለሳል። በስክሪን በኩል ልጅን እንዲህ ማንበብ የሚችል ሰው ብዙ አይገኝም።

ውጤቱን ስታስረዳን ቁጥር አላበዛችብንም። የቃላት ችሎታው ከእድሜው እኩል ነው። በአእምሮ ይዞ መሥራቱና ሕግ ሲቀየር አብሮ መቀየሩ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው። "አንደበቱ የቀና ስለሆነ ሁሉ ነገር የገባው ይመስላችኋል፤ ሦስተኛው ትእዛዝ ሲመጣ የመጀመሪያው ወድቋል" አለችን። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንነግረዋለን፣ ሲጨርስ ሌላውን። የጠዋቱ ቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ቤታችን ጩኸት ቀርቷል። ሪፖርቷን ይዘን ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ስንጠይቅ ለልዩ ድጋፍ እቅድ፣ አይኢፒ ለሚሉት፣ ግምገማ ተጀመረለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኦንላይን ፈተና ብቻውን ኤፍኤኤስዲ ነው ወይም አይደለም አይልም። ቁመቱን፣ የጭንቅላቱን ዙሪያና ፊቱን የለካው ሐኪም በአካል አይቶት ነው፤ ውሳኔው የመጣው ሁሉም አንድ ላይ ሲታይ ነው። በአሥር ደቂቃ ጥያቄ "ልጅዎ አለበት" የሚል ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ለእህቶቼም አንድ ቃል። በእኛ ቤት ለነፍሰ ጡር "ትንሽ ጠላ ያበረታታል" የሚል አይጠፋም። ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራና ወይንም ያው አልኮል ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ይህን ያህል ቢጠጣ ችግር የለውም የተባለ መጠን የለም። ይህን ለእናቶቻችንም በትህትና እንንገር።

መጀመር የምትፈልጉ ሚኒሶታ ካላችሁ ሴይንት ፖል ያለውን፣ በኤፍኤኤስዲ ላይ የሚሠራውን ፕሩፍ አሊያንስ የተባለ ድርጅት ጠይቁ፤ ሌላ ስቴት ካላችሁ ኤፍኤኤስዲ ዩናይትድ የተባለው ድርጅት ቤተሰቦችን ወደሚረዳቸው ቦታ ይመራል። የወሊድ ሰነድና የትምህርት ቤት ሪፖርት ሰብስቡ። አስተርጓሚ በነጻ እንዲቀርብላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ። የእኛዋን ባለሙያ አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። እህቴና እኔ እግዜር ይስጥልን ብለናታል።