ጭነት ማራገፍ፦ በጠዋት ወይስ በቀን?

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ሱቆች የለመዱት መኪናው በደረሰ ሰዓት ማራገፍን ነው። ለሾፌሩ ይመቻል፤ ቶሎ አራግፎ ይሄዳል። ለሱቁ ግን ፈተና ነው። ቀን 7 ሰዓት ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። አውራጆቹ 50 ኪሎ ስኳር ተሸክመው በዚያ ሙቀት ይመላለሳሉ፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። አስፋልት ላይ የተቀመጠው ካርቶን ውስጥ ቸኮሌቱ ይቀልጣል። ደንበኛ በር ላይ ቆሟል፤ ባለሱቁ ሂሳብ ይቀበል ወይስ ካርቶን ይቁጠር? ጉድለቱ የሚታወቀው ማታ ነው። ያኔ ማን ይጠየቃል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በቀጠሮ ሲሆን አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ደንበኛም የለም። ዕቃው አንድ በአንድ ከደረሰኙ ጋር ይመሳከራል። የተቀደደው ይለያል፤ ሾፌሩም እዚያው ይፈርማል። ከከተማዋ ሰፈሮች ከዚራ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ብዙም ለውጥ ላይታይ ይችላል። መጋላ ሰፈር ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባጃጁ ሳይበዛ መጨረስ ትልቅ እፎይታ ነው።

ወጪ አለው፤ ሠራተኛ ማልዶ መግባት አለበት፣ ክፍያውም ሊጨምር ይችላል። ቢሆንም እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ። ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ዘግይቶ ቀትር ላይ ከደረሰ፣ ከተቻለ 11 ሰዓት ድረስ ጥላ ሥር ይቁም።