የትኛውን ጥገና በራስ፣ የትኛውን በጋራዥ?

የጋራዥ ሂሳብ ሲመጣ ብዙዎቻችን ድምሩን አይተን እንደነግጣለን። እኔ ግን ድምሩን ትቼ የዕቃውን ዋጋና የእጁን ዋጋ ለያይቼ ነው የማየው። ዕቃው ውድ ሆኖ የእጁ ትንሽ ከሆነ ራሴ ብሠራው ብዙም አላተርፍም። ዕቃውን መግዛቴ መቼም አይቀርም። ዕቃው ርካሽ ሆኖ የእጁ ዋጋ ከከበደ ግን ነገሩ ያጓጓል። ያኔ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ብሳሳት የማውቀው የት ነው? ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው ወይስ ቁልቁለት እየወረድኩ?

በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ውድ የሚባሉትን ጥገናዎች ጎን ለጎን እንያቸው።

ዲናሞ እና ሞተሪኖ

ከውዶቹ ሁሉ ለጀማሪ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ብዙ መኪና ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ይታያል። ሁለት ሦስት ብሎን፣ አንድ ቺንጋ፣ ጥቂት ገመድ፣ በቃ። ሞተሪኖም (ሞተሩን የሚያስነሳው) ብሎኑ ብዙ አይደለም። ችግሩ ከሥር ተደብቆ መቀመጡ ነው፤ እጅ ይገባል፣ መፍቻ አይዞርም። ሁለቱንም ብትሳሳቱ መኪናው አይነሳም ወይም የባትሪው መብራት ይበራል። ስህተቱ ቤት ውስጥ እያላችሁ ይነግራችኋል ማለት ነው። ብቻ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳትፈቱ አትጀምሩ። የዲናሞው ወፍራም ገመድ ሞተር ቢጠፋም ኃይል አለው፤ መፍቻው ብረት ከነካ ብልጭታው ያስደነግጣል።

እኔ የመጀመሪያ ዲናሞዬን የቀየርኩት በከንቱ ነው። የባትሪ መብራት በራ፣ አዲስ ዲናሞ ገዛሁ፣ ቅዳሜዬን ሙሉ መሬት ላይ ተኝቼ አሳለፍኩ። መብራቱ አልጠፋም። ጥፋቱ ለካ የዛገ ገመድ ነበር። ርካሽ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ቢኖረኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ አውቀው ነበር። ሞተር ጠፍቶ በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.7 መድረስ አለበት። ዲናሞው ጀርባ ላይ 14 እያነበበ ባትሪው ላይ 12 ከሆነ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ገመዱንና ማሰሪያውን ፈትሹ።

ስለዚህ ከመፍታትና ከማሰር በፊት ምርመራው አለ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለምርመራው ብቻ ለጋራዥ ከፍላችሁ ጥገናውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን መንገድ አያስበውም፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ።

ፍሬን

እዚህ ሰው ሁሉ ይከራከራል። የፊት ፍሬን ሸራ መቀየር ቴክኒኩ ከዲናሞ አይከብድም። ጎማ ታወርዳላችሁ፣ ካሊፐሩን (ሸራውን የሚጨብጠውን) ትፈታላችሁ፣ ፒስተኑን ወደ ውስጥ ትገፋላችሁ፣ አዲሱን ሸራ ታስገባላችሁ። ዕቃው አይወደድም። አደጋው ግን ከዲናሞ ጋር አይወዳደርም፤ ስህተቱ የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።

የእኔ ፍርድ፦ ሸራውን ሥሩት፣ ግን የመጀመሪያውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ። አዲስ ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት አለው። 3 ሚሊሜትር ሲደርስ የመቀየሪያው ጊዜ ነው። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ፤ ግራ ሲገባችሁ ያልተፈታው ጎን ሞዴል ይሆናችኋል። ካሊፐሩን በጎማ ቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። ፒስተኑን ስትገፉ የፍሬን ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ከፍ ይላል፤ ከፈሰሰ ቀለም ይበላል። ጨርሳችሁ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ደግሞ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ርግጫ ላይ ፔዳሉ ወለል ይነካበታል።

የኋላው ይለያል። የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ላይ ፒስተኑን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መሣሪያ) ያስፈልጋል። በጉልበት ከገፋችሁት የእጅ ፍሬኑን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ታበላሻላችሁ፣ ያኔ ያተረፋችሁት የእጅ ዋጋ ይቀልጣል። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሥራ ደግሞ ያለ ጥያቄ የጋራዥ ነው።

ታይሚንግ ቺንጋ እና ፍሪሲዮን

ታይሚንግ ቺንጋ የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ቀበቶ ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ነው። ሁለቱም የእጅ ዋጋቸው የከበደ ነው። ሁለቱንም ሰው ራሱ ለመሥራት የሚመኘው ለዚሁ ነው። ግን አደጋቸው አይመሳሰልም።

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው። ካምቢዮ ከባድ ነው፤ መኪናው ሥር ተኝቶ በክንድ የሚያወርደው ጤናውን ይጎዳል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ጥሩው ነገር ብትሳሳቱ ማርሽ አይገባም ወይም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ቶሎ ታውቁታላችሁ።

ታይሚንግ ቺንጋ ግን ተቃራኒው ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ዕቃው እጅ ላይ ይቀላል፣ ቆማችሁ ትሠሩታላችሁ። ግን የብዙ መኪና ሞተር ቫልቭና ፒስተን የሚደርሱበት ቦታ አንድ ነው፤ የሚያለያያቸው የታይሚንጉ ልክ ብቻ ነው። ጥርሱ ከቦታው ከሳተ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ይጣመማሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሂሳብ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ) ማውረድ ነው። የማተርፈው የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ፣ የማስይዘው ሙሉ ሞተር። ይህን ውርርድ አልገባም። ብዙ አምራቾች የቺንጋ መቀየሪያውን 100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ያደርጉታል፤ የእናንተን መኪና መመሪያ መጽሐፍ ግን እዩ፣ አንዳንዱ ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው ያለው።

ሁለቱንም ለጋራዥ ስትሰጡ የእጅ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ተጠቀሙበት። ቺንጋው ሲወርድ ከሱ ጋር የሚዞር የውሃ ፓምፕ ካለ አብሮ ይቀየር። ካምቢዮው ሲወርድ ኩሽኔታውና የሞተሩ የኋላ የዘይት ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ቀለበት) ይታዩ። በኋላ ብቻቸውን ቢበላሹ እንደገና ለዚያው ማውረድ ትከፍላላችሁ።

ሞላና ሾክ አብዞርበር

ሾኩ ብቻ ከሆነና ሞላው ለብቻው ከቆመ ችግር የለውም። ሁለቱ ባንድ ላይ የታሰሩበት ዓይነት ግን የተጨመቀ ሞላ ይዟል፤ መጭመቂያው ካመለጠ ሰው ይገድላል። መፍትሔው ሞላውና ሾኩ ተገጣጥመው የሚሸጡበትን መግዛት ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ ሞላ መጭመቅ ግን ይቀራል። ስትጨርሱ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ማሠራት አይቀርም፤ ሂሳቡን ስታወዳድሩ እሱንም ደምሩት።

ሳንጨቃጨቅ የምንሰጣቸው

ኤሲ፦ ጋዙን ለመሳብና ለመሙላት የራሱ መሣሪያ አለው፤ በብዙ አገር ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ በሕግ ይከለከላል። ኤርባግ፦ ሊፈነዳ የተዘጋጀ ዕቃ ነው። የሃይብሪድ ብርቱካናማ ገመድ፦ ከ200 ቮልት በላይ ሊሸከም ይችላል። የአዲስ ናፍጣ ሞተር ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፦ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። ውይይት የለም።

ካንዴላ፣ ኮይል እና ስካነር

መሣሪያ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ትንሿን የኮድ ማንበቢያ (ስካነር) እመክራለሁ፤ የመኪናው ኮምፒውተር ያስመዘገበውን የጥፋት ኮድ ታነባለች። የምትሰካበት ኦቢዲ ሁለት የሚባለው ሶኬት አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አዲስ ቀላል መኪኖች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። የአውሮፓ የቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001፣ ናፍጣዎች ላይ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳያችሁ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኮዱ ፒ0302 ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ማለት ነው። የሁለተኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን) ከሦስተኛው ጋር አቀያይራችሁ ኮዱን አጥፉና ንዱ። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከተመለሰ ኮይሉ ነው፤ ገዝታችሁ ራሳችሁ ትቀይራላችሁ። ፒ0302 ራሱ ከተመለሰ ካንዴላው ወይም ሌላ ነገር ነው። ይህን ሳያደርግ አራቱንም ኮይል የሚቀይር መካኒክ አለ።

ኮድ ግን ፍርድ አይደለም። ፒ0420 ሲመጣ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው) በደንብ አይሠራም የሚል ኮድ ነው፣ ብዙ ሰው አዲስ ሊገዛ ይሮጣል። ውድ ዕቃ ነው። ከመግዛት በፊት ጭስ ማውጫው ቀዳዳ ኖሮት አያስተነፍስም ወይ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ደህና ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከስካነሩ ቀጥሎ መልቲሜትር፣ ከዚያ ጥንድ ጠንካራ የመኪና ማቆሚያ ድጋፍ፣ ከዚያ ቶርክ የሚለካ መፍቻ። የጎማ ዳዶ ብዙ ቀላል መኪኖች ላይ ከ90 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ልኩን አያውቀውም። አንዴ ብቻ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ከእጅ ዋጋው ከበለጠ ግን ተዉት፤ ሥራውን ለጋራዥ ስጡ።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ ዕቃውን ራስ ገዝቶ እጅ ብቻ መክፈል። ርካሽ ነው። ግን ብዙ ጋራዥ በእናንተ ዕቃ ላይ ዋስትና አይሰጥም፤ ዕቃው ቢበላሽ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ፍሪሲዮን ላይ ይህን አላደርግም፣ ካንዴላ ላይ ግን አደርጋለሁ።

ሥራውን ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ እንጂ እሑድ ከሰዓት በኋላ አይደለም። ዝገት ያለበት ብሎን በመጨረሻው ሰዓት ይበጠሳል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሥራ አለ። ዋዜማውን ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ቅባት ረጭታችሁበት ብታድሩ ጠዋት ላይ በቀላሉ ሊፈታ ይችላል።