ለጥቂት ታላቢ ፍየሎች የሚሆን ባለ ባልዲ ማለቢያ ማሽን፦ ከአገልግሎት በኋላ የተሰጠ ግምገማ

ይህን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማለቢያ ስመርጥ ከፍጥነቱ ይልቅ ያሳሰበኝ የፍየሎቹ ጡት ደኅንነት ነበር። ላም በደቂቃ 60 ገደማ በሆነ ምት (ማሽኑ ጡቱን ጨመቅ ለቀቅ በሚያደርግበት ፍጥነት) ስትታለብ፣ ለፍየል የሚመከረው 90 አካባቢ ነው፤ የመሳቢያው ኃይልም ከ36 እስከ 40 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ይመረጣል። ማሽኑ ሁለቱንም ለማስተካከል የሚያስችልና መለኪያውም በግልጽ የሚነበብ በመሆኑ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

በጣም የወደድኩት ጡት የሚገባባቸው የሲሊኮን ኩባያዎች ብርሃን አሳላፊ መሆናቸውን ነው። ወተቱ መጀመሪያ በኃይል ሲወርድ፣ ቀስ በቀስ ሲሳሳ፣ በመጨረሻም በቀጭኑ ሲንጠባጠብ ስለሚታይ፣ ባዶ ጡት እየሳበ እንዳይጎዳት መሳቢያውን በጊዜ ዘግቶ ኩባያውን ማውለቅ ይቻላል። ሳይዘጉ መንጭቆ ማውለቅ ግን ጡቱን ያቆስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደችው ፍየላችን በድምፁ ደንግጣ ስለነበር፣ መኖዋን እየበላች ማሽኑ አጠገቧ በባዶው እንዲሠራ በማድረግ አለማመድናት፤ አሁን ረጋ ብላ ትታለባለች።

ይሁንና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጭምቆች በእጅ ጥቁር ጽዋ ላይ አልቦ ማየት አሁንም ግዴታ ነው፤ የጡት በሽታ የሚያመጣውን መጓጎል ማሽኑ አይለይም።

ዋናው ድካም እጥበቱ ላይ ነው። በቅድሚያ ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከጅምሩ የፈላ ውሃ ቢደፋበት የወተቱ ፕሮቲን ዕቃው ላይ ይጋገራል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና ቅባት በሚያነሳ ማጠቢያ ይታጠባል፣ የወተት ድንጋይ የሚባለው ነጭ ቅርፊት እንዳይፈጠርም በየጊዜው በአሲዳማ ማጠቢያ ማለፍ ያስፈልገዋል። ንድፉ የደከመው እዚህ ላይ ነው፦ ከክዳኑ ሥር ያለው የቱቦ መታጠፊያ ብሩሽ ስለማያስገባ ቅባት ይይዛል፣ እኔም ቱቦውን በየጊዜው ነቅዬ ለማጠብ እገደዳለሁ።

ሁለት ወይም ሦስት ፍየል ብቻ የሚያልብ ሰው እጥበቱን ሲደምር በእጅ ማለብ ይፈጥንለታልና ባይገዛው እመክራለሁ። ከዚያ በላይ ላለው፣ በተለይም እጁን ለሚያመው አርቢ፣ ያለ ማመንታት የሚገዛ ዕቃ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ቶሎ ስለሚላላና ሲላላም ማሽኑ በቂ ኃይል ስለማይስብ፣ መለዋወጫውን አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።