ከደሴ ፒያሳ የገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ
ለጽሕፈት ሥራና ለልጆቼ ትምህርት እንዲሆን ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ፣ አቧራውን በብሩሽ እየጠረገ ውስጡን አንድ በአንድ ማሳየቱ እምነት አሳድሮብኛል። ይሁን እንጂ የተገጠመለት አሮጌ ሃርድ ዲስክ እየተንቋቋ ብዙ ደቂቃ ያስጠብቀኝ ስለነበር፣ በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የመረጃ ማከማቻ) ሳስቀይረው ኮምፒውተሩ አዲስ የተገዛ ያህል ፈጠነ፤ ኤስኤስዲውን ገና ዋጋ ሲነጋገሩ አስቀድሞ ማስገጠም እጅግ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ 3ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 በመሆኑ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና አስጭኜበታለሁ። ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ስለሌለው መብራት በድንገት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋልና፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) አብሮ መግዛት ግድ ነው።