«ከትል የጸዳ» ኮራል፦ ዋስትናው ከእንቁላሉ ቀድሞ ያልቃል

አክሮፖራ የተባለውን ቅርንጫፋማ ኮራል በአኳሪየም የምታሳድጉ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሻጩ ቁራጭ ኮራሉን «በመድኃኒት ተነክሯል፣ ከትል መቶ በመቶ የጸዳ ነው» ብሎ ይሸጥላችኋል። ሳምንታት ያልፋሉ፣ ኮራሉ ከሥሩ መንጣት ይጀምራል። ስትደውሉለት ያው ሰው «ማንኛውንም ትል በአንድ ጊዜ የሚጨርስ» ጠርሙስ ያቀርብላችኋል፤ እሱም በነጻ አይደለም። በሽታውንም መድኃኒቱንም ከአንድ እጅ ገዛችሁ ማለት ነው። እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። የሻጩን ስም የማልጠራው አዝኜለት አይደለም፤ ዘዴው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ማወቃችሁ ከሌላው አያድናችሁም።

«ተነክሯል» ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ተንኮሉ ያለው ሳይናገር ባለፈው ነገር ላይ ነው። አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሮስቲዮስቶመም አክሮፖሬ፣ በሳይንስ መጽሔት በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2011 ቢሆንም አሳዳጊዎች ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር። ቁመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፤ የበላውን ኮራል ቀለም ስለሚይዝ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፎ ሳለ መስታወቱ ላይ ተደፍታችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። የሚታየው ንክሻው ነው፦ ክብ ክብ፣ ገርጣ ያሉ ነጠብጣቦች።

አዮዲንም ሆነ ሌላ የኮራል መንከሪያ ፈሳሽ ትሉን ያደነዝዘዋል ወይም ይገድለዋል። ከዚያ በስሪንጅ ውሃ ሲረጭበት ይረግፋል። እንቁላሉን ግን አይነካውም። ትሉ እንቁላሉን የሚጥለው ሕያው ሥጋ በሌለበት ባዶ አጽም ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ኮራሉ ከተለጠፈበት መሠረት አጠገብ። ወደ ወርቅማ የሚያደላ ቡናማ ክምችት ነው፣ ላላወቀው ሰው ቆሻሻ ይመስላል። የሚፈለፈልበት ጊዜ በውሃው ሙቀት ይወሰናል፤ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ቀዝቀዝ ባለው ደግሞ እስከ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

አሁን ዋስትናውን አንብቡት። አብዛኛው «ሕያው ሆኖ ይደርሳል» የሚል ነው። በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ፎቶ አንስታችሁ ካልላካችሁ ያበቃለታል። ኮራሉ ደግሞ የሚደርሰው በደህና ነው፣ ያውም አምሮበት። እንቁላሉ ሲፈለፈል፣ ትሉ አድጎ ንክሻው ሲታይ ዋስትናው ከሞተ ቆይቷል። «ያንተው ውሃ ነው የበከለው» ሲሏችሁ የምትመልሱት አይኖራችሁም።

ፎቶውንም አትመኑ። ለእኔ የተላኩልኝ ሁሉ በሰማያዊ መብራት የተነሱ ነበሩ። በዚያ ብርሃን ሥር አብዛኛው ኮራል ያበራል፤ ገርጣ ያለውን ከደህናው፣ ንክሻውን ከጤናማው መለየት ከባድ ነው። በነጭ መብራት፣ ከሥሩ በኩልም ጭምር የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ይህን ብቻ ጠይቃችሁት ዝም የሚላችሁ ሻጭ ብዙ ነገር ነግሯችኋል።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነው። «ሁሉንም ትል» የሚል ነገር ሪፍ (የኮራል አኳሪየም) ውስጥ መልካም ዜና አይደለም። ማታ መብራት ሲጠፋ ከድንጋዩ ሥር የሚወጡት ጸጉራም ትሎች አብዛኞቹ የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ነገር የሚበሉ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ጣት ላይ ሲሰኩ ያማሉ እንጂ ኮራል አይበሉም። ኮራል የሚበላ ዘመድ አላቸው፤ ሄርሞዳይስ ካሩንኩላታ የሚባለው ወፍራም የእሳት ትል እውነተኛ ጠላት ነው፤ ግን እሱን በወጥመድ ወይም በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል። ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ያሉትን ጸጉራም ትሎች በሙሉ በአንድ ሌሊት ብትገድሉ ሬሳቸው እዚያው ይበሰብሳል፣ አሞኒያው ይወጣል፣ ዓሣው ይከተላል።

ቀዩ ጠፍጣፋ ትል፣ ኮንቮሉትሪሎባ ሬትሮጀማ፣ ሌላ ጣጣ ነው። ኮራል አይበላም፤ ተራብቶ ሲያለብሰው ብርሃን ይከለክለዋል። ሲሞት ግን መርዝ ይለቃል። በሺዎች አንድ ላይ ሲሞቱ ዓሣዎችም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ይህን ትል በመድኃኒት የሚያጠፋ ሰው አስቀድሞ የቻለውን ያህል በቱቦ ስቦ ያወጣል፤ መርዙን ከውሃው የሚመጥ አክቲቬትድ ካርቦን ያዘጋጃል፣ የሚቀየረውን ውሃ ቀላቅሎ ያስቀምጣል። ጠርሙሱን የሸጠልኝ ሰው ከዚህ አንዱንም አልነገረኝም። ወረቀቱ ላይም የለም። የንጥረ ነገሩ ስም ራሱ የለም!

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለብቻው መመዘኛ ይሁናችሁ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ያልተጻፈበት ነገር አኳሪየማችሁ ውስጥ አይግባ፤ «ለሪፍ አያሰጋም» የሚል ተለጣፊ ቢኖርበትም። መዳብ ከሆነ ሽሪምፑንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ ኮራሉንም ይጨርሳል፤ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎም ቆይቶ ይወጣል። ለውሻ የሚሰጠው የትል መድኃኒት ፌንቤንዳዞል ከሆነ ጸጉራም ትሉን ይገድላል፣ ቀንድ አውጣዎችንም አይምርም።

«ተፈጥሯዊ መፍትሔ» ብለው ኬሊዶኑራ ቫሪያንስ የተባለችውን ጥቁር፣ ሰማያዊ መስመር ያላትን የባሕር ስላግ (የቀንድ አውጣ ዘመድ) የሚሸጡም አሉ። ቀዩን ትል ትበላለች፣ እውነት ነው። አክሮፖራ የሚበላውን ግን አትነካም። ትሉ ሲያልቅባት ደግሞ ሌላ ስለማትበላ በረሃብ ትሞታለች፤ የውሃው ፓምፕ ስቦ ካልቀደማት። ሲክስላይን ራስ የሚባለው ዓሣ በአንጻሩ የአክሮፖራውን ትል ይለቅማል፤ ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ ያጠፋል ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ።

ለማስፈራራት የሚያወሩላችሁ ደግሞ ስለ ግዙፉ ትል ዩኒስ አፍሮዳይቶይስ ነው። ታሪኩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ኒውኪ በሚገኝ የሕዝብ አኳሪየም ኮራሎች እየተቆረጡ፣ ዓሣዎችም እየቆሰሉ አስቸግረው ገንዳው ሲፈታ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ትል ተገኝቷል። ታዲያ ያንን ትል ያገኙት ገንዳውን ፈትተው ነው፤ ጠርሙስ ጨምረው አይደለም።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ፣ ኮራሉን ከነመሠረቱ አትቀበሉ ወይም ከተቀበላችሁ መሠረቱን ጣሉት። ከባዶው አጽም በላይ ቆርጣችሁ ሕያው ሥጋ ያለበትን ብቻ በአዲስ መሠረት ላይ ለጥፉት። ለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ ቢያንስ 6 ሳምንት አቆዩት፤ በየሳምንቱ ንከሩት፣ በስሪንጅ አራግፉት፣ የረገፈውን ነጭ ሳህን ላይ እዩ። ያገኛችሁትን እንቁላል በቢላ ጫፍ ፋቁት። አሰልቺ ነው፤ እኔም አልወደውም።

ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ «የተባይ ዋስትናህ ስንት ሳምንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት። ከሦስት ሳምንት በታች ካላችሁ ምንም አልሰጣችሁም። ጉዳዩ ቀድሞ የደረሰባችሁ ደግሞ መሠረቱን ሳትጥሉት በፊት እንቁላሉን በነጭ መብራት አጉልታችሁ አንሱ፤ ከእሱ ሌላ የምታቀርቡት ማስረጃ አይኖራችሁም።